መጀመሪያ ዓይኑን፦ ከደጃፍ ወፍ እስከ አያታችን ፎቶ

(የመግቢያ ሙዚቃ። ከፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ከንግግሩ ሥር ይወርዳል።)

 ይህ በሶዶ ከተማ፣ በቦዲቲ፣ በአረካ፣ በጠበላ፣ በገሱባ፣ በየመንገዱም መኪና ውስጥ ሆናችሁ ለምታዳምጡን የሚቀርብ ሳምንታዊ ዝግጅታችን ነው።

የዛሬው ጉዳያችን ፎቶ ማንሳት ነው። ሁለት ነገር እናነሳለን። አንደኛው በየደጃፋችን የሚውሉትን ወፎች እንዴት ፎቶ እናንሳ የሚል ነው። ሁለተኛው ሰውን ስናነሳ ፍሬሙን እንዴት እናሳምር የሚል ነው። «ወፍና ሰው ምን አገናኛቸው?» ትሉኝ ይሆናል። ትንሽ ታገሡኝ።

እስኪ ስልካችሁን አውጡና በቅርቡ ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች ተመልከቱ። ወፍ ያለበት አለ? ካለ ወፉ የት ነው? በሰፊ ሰማይ ውስጥ እንደ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ቀርቷል? ወይስ ሊበር ሲል ጅራቱ ብቻ ተይዟል?

አሁን ደግሞ የሰው ፎቶ ክፈቱ። የእናታችሁ ወይም የጓደኛችሁ ይሁን። ፊታቸው ከፎቶው መሐል ላይ ነው? ከአናታቸው በላይ ግማሽ ሰማይ ተርፏል? ከጀርባቸው የመብራት ምሰሶ ከጭንቅላታቸው የበቀለ መስሏል?

ሳቃችሁ። በሁላችንም ስልክ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ፎቶ አለ። የሁለቱም ፎቶዎች መድኃኒት ደግሞ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ዓይኑን ፈልጉ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እለዋለሁ፤ እንዳትሰለቹኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጀመሪያ ስለ ወፎቹ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች እንዳሉ ተመዝግቧል። ፎቶ ለመጀመር ግን ብርቅ ወፍ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። ብርቁን ወፍ ስትፈልጉ ቀኑ ይመሻል፤ ቁራው ደግሞ አጥራችሁ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ከቤታችሁ ሳትርቁ የምታገኟቸውን ጥቂቶቹን ልጥራላችሁ። ከላሞች እግር ሥር እየተከተለች ነፍሳት የምትለቅመው ነጭ ወፍ አለች፤ ሳቢሳ የሚሏት አሉ። በየቄራውና በየቆሻሻው ዙሪያ ጥንብ አንሳ፣ ጭልፊት፣ አንዳንዴም ያ ራሰ በራው ግዙፍ አባ ኮዳ አለ። ጣሪያ ላይ እርግብና ዋኖስ አሉ። አበባ ላይ የምታንዣብብ፣ መንቁሯ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ፀሐይ ሲመታት የምታብረቀርቅ ትንሽዬ አበባ ቀሳሚ አለች። ጅራታቸው ረጅም፣ ራሳቸው ላይ ጉትዬ ያላቸው፣ በቡድን መጥተው ፓፓያውንና ጓያቫውን የሚጨርሱ ግራጫ ወፎችም አሉ፤ አትክልት ያለው ሰው እነሱን በስም ሳይሆን በእርግማን ነው የሚያውቃቸው።

ወደ ዳሞታ ተራራ፣ ወደ ደጋው ስትወጡ ደግሞ መንቁሩ በጣም ወፍራም የሆነውን፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበትን ትልቅ ቁራ ተመልከቱ። ያ ቁራ መኖሪያው የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋማ አካባቢ ነው። የውጭ አገር ወፍ ተመልካቾች ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በረው እሱን ለማየት ይመጣሉ፤ እኛ ደግሞ ከሥጋ ቤት ደጃፍ «ሂድ!» እያልን እናባርረዋለን።

ስለ ጥንብ አንሳም አንድ ነገር ልበል። በየቄራችን የምናየው ትንሹ፣ ፊቱ ቀላ ያለው ጥንብ አንሳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ዝርያዎች ተርታ ተቀምጧል። ከምክንያቶቹ ዋናው መርዝ ነው። ስለዚህ «ይህማ በየቀኑ የማየው ነው» ብላችሁ አትለፉት። ዛሬ በየቀኑ የሚታይ ወፍ ነገም ይታያል ማለት አይደለም።

ፎቶ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ከኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአባያ ሐይቅ በስተደቡብ የተፈጸመ አንድ ታሪክ አለ። በ1990 እ.ኤ.አ. በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ የሞተ ወፍ አገኙ። ከዚያ ወፍ ተወስዶ ለጥናት የተቀመጠው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ያንን ክንፍ መርምረው ከዚህ በፊት የማይታወቅ፣ በሌሊት የሚበር ወፍ መሆኑን አረጋገጡ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስም ተሰጠው። እስቲ አስቡት! አንድ ሙሉ ዝርያ፣ መነሻው አንድ ክንፍ። ያን ጊዜ በዚያ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሁሉ በኪሱ ካሜራ አልያዘም ነበር። ዛሬ ግን አብዛኞቻችን ይዘናል።

(የወፎች ድምፅ። አሥር ሴኮንድ ያህል፣ ከዚያ ዝቅ ይላል።)

እሺ፣ አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ወፍ ልታነሱ ወጣችሁ። ስልካችሁ በእጃችሁ ነው። ወፉን አያችሁት። ምን ታደርጋላችሁ?

አብዛኞቻችን ሁለት ነገር እናደርጋለን። ወደ ወፉ ቀጥ ብለን እንሄዳለን፤ ከዚያም በሁለት ጣት ስክሪኑን ዘርግተን ዙም እናደርጋለን። ሁለቱም አይጠቅሙም።

ቀጥ ብሎ የሚመጣባትን ነገር ወፍ አታምንም። ጭልፊትም ድመትም እንዲያ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ፣ እያያችኋት እንዳልሆነ እየመሰላችሁ፣ በዘገምታ ቅረቡ። ለቀም ለቀም ማድረጓን ትታ አንገቷን ካስረዘመች ቁሙ። ተመልሳ መልቀም ስትጀምር አንድ ሁለት እርምጃ ጨምሩ። ልብ በሉ፦ ወፏ ስትረጋጋ ብቻ ነው የምትራመዱት።

ሌላም ዘዴ አለ። ወፎች የቆመ መኪናን እንደ እግረኛ አይፈሩም። በሶዶ ደግሞ ባጃጅ ሞልቷል! ጥላ ሥር የቆመ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ፣ ስልካችሁን ብረቱ ላይ አስደግፋችሁ ጠብቁ። ባለባጃጁ ሂሳብ እንዳይጠይቃችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ እንጂ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ የለም።

ስለ ዙሙ ደግሞ እንዲህ ነው። በሁለት ጣት ስትዘረጉ ስልኩ ወፉን አያቀርበውም። ያለውን ምስል ቆርጦ ነው የሚያሰፋው። ለዚህ ነው ወፉ የደበዘዘ፣ ቅጠሉ ደግሞ በውኃ ቀለም የተሣለ የሚመስለው። ስልካችሁ ከጀርባው ሁለት ሦስት ካሜራ ካለው፣ ስክሪኑ ላይ 2 ወይም 3 የሚለውን ንኩ፤ በብዙዎቹ ስልኮች እሱ ራሱን የቻለ ሌንስ ነው። ከዚያ በላይ አትሂዱ። በኋላ ቤት ገብታችሁ መቁረጥ ትችላላችሁ።

አንዳንዶቻችሁ ቤት ውስጥ መነጽር፣ ማለትም የሩቁን የሚያቀርበው ባለሁለት ዓይኑ መነጽር ይኖራችሁ ይሆናል። የስልካችሁን ካሜራ ከመነጽሩ አንደኛው ዓይን ላይ ልክ አድርጋችሁ ግጠሙት። መጀመሪያ ጥቁር ክብ ብቻ ታያላችሁ፤ በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ስታደርጉት ድንገት ወፉ ሙሉ ሆኖ ይመጣል። መነጽሩን አጥር ወይም ግንድ ላይ አስደግፉት፤ ካልተደገፈ የእጅ መንቀጥቀጥ ሁሉ አብሮ ነው የሚጎላው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ከሁሉም ወፎች የምወደውን ልንገራችሁ፤ ለጀማሪ ፎቶ አንሺ ከሱ የተሻለ አስተማሪ የለም ባይ ነኝ። ያ ጎጆ ሠሪው ቢጫ ወፍ ነው። ዝናብ ሲጀምር አንድ ዛፍ ላይ ተሰብስበው የሣር ጎጆ የሚያንጠለጥሉትን ታውቋቸዋላችሁ፤ ወንዱ ቢጫ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ዓይኑ ቀይ። ጫጫታቸው ሰፈር ይረብሻል።

ሥራውን በቅርብ ተመልከቱት። ወንዱ የሣሩን ወይም የዘንባባውን ቅጠል ጠርዝ በመንቁሩ ይነክስና ወደፊት ይበራል፤ ቅጠሉ በረጅሙ እንደ ክር ይተረተራል። ያንን ክር ይዞ ይመለሳል፤ በእግሩ ቅርንጫፉን ይዞ በመንቁሩ ያስገባል፣ ያወጣል፣ ይጠልፋል። መጀመሪያ ቀለበት ይሠራል። ከዚያ ራሱ ቀለበቱ ውስጥ ቆሞ መንቁሩ እስከደረሰበት ድረስ ዙሪያውን ይጎነጉናል። የጎጆው በር ወደ ታች ነው።

ጎጆው አረንጓዴ ሳለ ሴቷ ትመጣለች። ያን ጊዜ ወንዱ በሩ ላይ ተዘቅዝቆ ተንጠልጥሎ ክንፎቹን ያርገበግባል፤ «ግቢ እዪው» እንደማለት። ገብታ ታየዋለች። ካልወደደችው ትሄዳለች። ሣሩ እየደረቀ ሲሄድ፣ የሚወስደው ሲጠፋ፣ ወንዱ ጎጆውን በገዛ መንቁሩ አፍርሶ እዚያው ላይ እንደገና ይጀምራል።

ይህ ለፎቶ ለምን ተመቸ? ወፉ ተመልሶ የሚመጣበት ቦታ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። ስለዚህ ወፉን አታባርሩ። አንድ ጎጆ ምረጡ። ከጀርባው ነጭ ሰማይ ያለውን አይደለም፤ ከጀርባው ቅጠል ያለውን። ሰማይ ከጀርባ ከሆነ ወፉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ስክሪኑ ላይ ጎጆውን በጣታችሁ ነክታችሁ ጥቂት ያዙት፤ በብዙ ስልኮች ፎከሱ እዚያው ይቆለፋል። ከዚያ ጠብቁ። ወንዱ መጥቶ ሲንጠለጠል የፎቶውን ቁልፍ ሳትለቁ ያዙት፤ አንዳንድ ስልክ በተከታታይ ያነሳል። ካልሆነ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ተከታታይ የሚለውን ፈልጉ። ከሃያው አንዷ ዓይኑ ጥርት ያለባት ትሆናለች። የቀሩትን አጥፉ፤ ሳትሰስቱ አጥፉ።

ደግሜ ልጠይቃችሁ፦ ከሃያው የትኛዋን እናስቀር? ክንፉ ያማረባትን? ጎጆው የታየባትን? አይደለም። ዓይኑ የጠራባትን። ዓይኑ ከደበዘዘ የቀረው ሁሉ ቢጠራ ዋጋ የለውም። ዓይኑ ውስጥ ደግሞ አንዲት ትንሽ የብርሃን ነጥብ ካለች ወፉ ሕይወት ይኖረዋል። ያቺ ነጥብ ከሌለች በሕይወት ያለ ወፍ የደረቀ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳኑና ደጋጎቹ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ። ክፉዎቹ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። የወፍ ፎቶ ይህን ሕግ ይገለብጠዋል። የብዙ ወፎች ዓይን በጎንና በጎን ስለሆነ ፊት ለፊት ስታነሷቸው መንቁሩ ወደ እናንተ ይመጣና ዓይኖቹ ይጠፋሉ። በጎን፣ ወይም ከጎን ትንሽ ወደ እናንተ ዞር ሲል አንሱት። ጉጉት ሲሆን ብቻ ወደ ቅዱሳኑ ወገን ተመልሳችሁ ፊት ለፊት አንሱት።

(አጭር ዕረፍት። ለስለስ ያለ ሙዚቃ።)

ስለ ብርሃን እናውራ። አንድ አድማጫችን በስልክ መልእክት እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል፦ «ለጊፋታ ቤተሰብ ተሰብስቦ ፎቶ ሳነሳ የሁሉም ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ፀሐዩ ግን ብሩህ ነው። ችግሩ ምንድን ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ችግሩ ፀሐዩ ራሱ ነው! ሶዶ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ በትክክል ከአናታችን በላይ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት ቀጥ ያለ ምሰሶ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። የወላይታው ዘመን መለወጫ ጊፋታ የሚመጣው ደግሞ በመስከረም ነው፤ ፀሐይዋ ገና ብዙም አልራቀችም። ብርሃኑ ከላይ ይወርድና ግንባርና አፍንጫን ያበራል፤ ዓይን ከቅንድብ ሥር ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ባርኔጣ ያደረገ አባት ካለማ ከነአካቴው ፊቱ አይታይም።

ስለዚህ ቤተሰቡን ሥጋው ሳይቀርብ በፊት፣ ጠዋት ሰብስቡት። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ብርሃን ከጎን ይመጣል፤ ዓይን ውስጥ ይገባል። ካመለጣችሁ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓትን ጠብቁ። ቀትር ላይ ግድ ከሆነባችሁ ሁሉንም ወደ ዛፍ ወይም ወደ ቤት ጥላ አስጠጉ፤ ግን ቅጠሉ ሳስቶ ፀሐይ በነጠብጣብ የሚወርድበት ጥላ አይሁን፤ ሰው ሁሉ ነብር ይመስላል።

ወፎቹም በዚሁ ሰዓት ነው የሚመቹት። ጠዋት ርቧቸዋል፤ ይንቀሳቀሳሉ። ቀትር ላይ እነሱም ጥላ ውስጥ ናቸው። አበባ ቀሳሚዋን ለማንሳት ደግሞ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ። የዚያች ወፍ አብረቅራቂ ቀለም እንደ ጨርቅ የተነከረ አይደለም፤ ከላባዋ ረቂቅ አሠራር ላይ ብርሃን ሲነጥር የሚፈጠር ነው። ብርሃኑ ከናንተ ወገን ካልመጣ ጥቁር ወፍ ብቻ ታያላችሁ። ራሷን ዞር ስታደርግ ቀለሙ ቦግ ይላል፣ ይጠፋል። ቦግ ሲል ያዙ።

አሁን አንድ እንቆቅልሽ ልስጣችሁ። ነጯ ሳቢሳ ፎቶ ላይ ላባዋ ጠፍቶ እንደ ወረቀት ቁራጭ የምትሆነው ለምንድን ነው? ቁራውስ ግራጫ የሚሆነው?

(ሦስት ሴኮንድ ዝምታ)

ካሜራው የሚያየው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም። ሁሉንም ወደ መካከለኛ ብርሃን ሊያመጣው ይሞክራል። ሰፊ አረንጓዴ መስክ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ወፍ ካለች ለመስኩ ያስተካክልና እሷን ያቃጥላታል። ቁራው ስክሪኑን ከሞላው ደግሞ «ይህ ጨልሟል» ብሎ ያበራዋል፤ ቁራው አመድ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። ወፏን በጣታችሁ ንኩ። የፀሐይ ምልክት ያለው ትንሽ መስመር ይመጣል። ለነጭ ወፍ ወደ ታች ጎትቱት፤ ስክሪኑን ሞልቶ ለሚታይ ጥቁር ወፍም እንዲሁ ትንሽ ወደ ታች። ቁራው ከብሩህ ሰማይ ፊት ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ካሜራው ለሰማዩ ስለሚያስተካክል ቁራው ከሰል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ወደ ላይ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለሰውም ያው ነው። መስኮት ወይም ብሩህ ሰማይ ከጀርባው ያለ ሰው ፊቱ የሚጠቁረው በዚሁ ምክንያት ነው። ፊቱን ንኩ፣ ወደ ላይ ጎትቱ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰውዬውን ማዞር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ወደ ሰው መጣን። አያታችሁን ፎቶ ልታነሱ ነው እንበል። ገጠር ቤት፣ የሣር ክዳን፣ ውስጡ ጨለምለም ያለ። የት ታስቀምጧቸዋላችሁ?

ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ? ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ውስጥ ምድጃው ጋ? ብርሃን የለም፤ ፍላሽ ካበራችሁ ፊታቸው ነጭ፣ ቤቱ ጥቁር ይሆናል። መልሱ በሩ ላይ ነው። ከደፉ ትንሽ ገባ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው በርጩማ ላይ ይቀመጡ። የግቢው ብርሃን ለስልሶ ፊታቸው ላይ ያርፋል፤ ዓይናቸው ውስጥ ያቺ የብርሃን ነጥብ ትታያለች፤ ከጀርባቸው ያለው ጨለማ ደግሞ የተዝረከረከውን ሁሉ ይሸፍናል። እናንተ ከውጭ ሁኑ፤ ግን በሩን በሰውነታችሁ አትዝጉ፤ ትንሽ ወደ ጎን ሁኑ።

ከዚያ ቁጭ በሉ! እሳቸው ተቀምጠው እናንተ ቆማችሁ ካነሳችሁ አናታቸውን ነው የምታነሱት። ካሜራው በዓይናቸው ልክ ይሁን። ሕፃን ስታነሱ ተንበርከኩ። መሬት ላይ የምትለቅም ወፍ ስታነሱ ደረታችሁ ላይ ተኙ፤ ልብስ ይታጠባል። ወፍም ሰውም በዓይኑ ልክ ሲታይ ነው የሚከብረው።

ርቀቱስ? ስልኩን ፊታቸው ላይ አታስጠጉ። በአንድ ክንድ ርቀት ስታነሱ አፍንጫ ይተልቃል፣ ጆሮ ይሸሻል። ሁለት ሜትር ያህል ራቁና ያንን 2 የሚለውን ሌንስ ንኩ። ፊታቸው የራሳቸው ፊት ይሆናል።

አሁን ፍሬሙ። ስልኩን አቁማችሁ ያዙ። ከቅንብሩ ውስጥ ስክሪኑን በመስመር ዘጠኝ ቦታ የሚከፍለውን አብሩ። ዓይናቸው ከላይኛው መስመር ላይ ይረፍ። ያኔ ከአናታቸው በላይ ያለው ባዶ ቦታ ራሱ ይስተካከላል። ወደ ቀኝ እያዩ ከሆነ በቀኝ በኩል ቦታ ተዉላቸው። ወፏም እንዲሁ፦ መንቁሯ ወደ ግራ ከሆነ በግራ በኩል ሰፊ ቦታ። አፍንጫውን ወይም መንቁሩን ከፍሬሙ ጠርዝ ጋር ያጋጨ ፎቶ ያፍናል።

ሰው ስትቆርጡ ደግሞ መገጣጠሚያው ላይ አትቁረጡ። ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ የእጅ አንጓ ላይ የተቆረጠ ፎቶ አካል የጎደለ ያስመስላል። ከደረት፣ ከወገብ ከፍ ብሎ፣ ወይም ከታፋ መሐል ቁረጡ።

እዚህ ላይ ግን ከሽማግሌዎቻችን ጋር መጣላት አልፈልግም። ብዙ አዛውንት ከደረት በላይ የተነሳ ፎቶ ሲያዩ «እግሬን የት ጣልኸው?» ይላሉ። እውነት አላቸው። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ በነበረበት ጊዜ፣ ሰው ፎቶ የሚነሳው ክብሩን ከነሙሉ ልብሱ ለማሳየት ነበር። በኋላም በየከተማው ፎቶ ቤት ሰው ከራስ እስከ ጫማው ቆሞ፣ ከጀርባው የተሣለ መጋረጃ ተሰቅሎ ነበር የሚነሳው። ባህላዊውን ዱንጉዛ የለበሰ አባት ደግሞ ከደረቱ ሲቆረጥ ልብሱ ምኑ ይታያል? ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ቢጫው ጥለት እስከ ታች ድረስ መውረድ አለበት። ስለዚህ ሁለቱንም አንሱ፤ መጀመሪያ እሳቸው የሚወዱትን ሙሉውን፣ ቀጥሎ እናንተ የምትወዱትን ከደረት በላይ። ሙሉውን ስታነሱ ጫማውን አትቁረጡ፣ ከጫማው ሥርም ትንሽ መሬት አስቀሩ።

ስልካችሁ ፖርትሬት የሚል ምርጫ ካለው፣ ከጀርባ ያለውን የሚያደበዝዘው፣ ተጠቀሙበት፤ ግን ፎቶውን ገልጣችሁ ጠርዙን እዩ። የነጠላውን ጫፍ፣ ጆሮን፣ የጸጉሩን ዳር እየበላ ይሄዳል። ወፍ ላይማ አትሞክሩት፤ ላባ ይቆርጣል።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለ ሥነ ምግባር ሁለት ቃል። ሰውን ስታነሱ አስፈቅዱ። ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጥ እናት ፊት ስልክ መደቀን ነውር ነው፤ ሰላም በሏት፣ ጠይቁ፣ ካነሳችሁ በኋላም አሳዩአት።

ወፍስ? ወፍ «አይሆንም» አትልም፤ ግን ምልክት ትሰጣለች። በመንቁሯ ትል ይዛ ከጎጆዋ ዙሪያ እየዞረች አልገባ ካለች፣ ምክንያቱ እናንተ ናችሁ። ወደ ኋላ ተመለሱ። ጎጆው እንዲታይ ቅርንጫፍ አትቁረጡ፤ ያንን ቅጠል ወፏ የመረጠችው ከጭልፊትና ከፀሐይ እንዲሸሽጋት ነው። ድንጋይ ወርውሮ ማስበረርም ይቅር።

ከከተማ ወጥታችሁ ወፍ ማንሳት ለምትፈልጉ ሁምቦ ወረዳን እጠቁማችኋለሁ። እዚያ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ እንዲያገግም ተደርጓል። አብዛኛው ችግኝ ተተክሎ ሳይሆን፣ መሬት ውስጥ የቀሩት ጉቶዎች እንዲያቆጠቁጡ በመጠበቅ ነው። የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው የሚጠብቁት ደን ስለሆነ ስትሄዱ ጥበቃዎቹን አነጋግሩ። ወደ አባያ ዳርቻ ከዘለቃችሁ ደግሞ ቡናማው ውኃ ላይ ነጭ ራስ ያለው፣ ዓሣ የሚያጠምደው ንስር ከደረቀ ግንድ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሊጠብቃችሁ ይችላል። አዞም አለና ውኃው ዳር አትጠጉ፤ ለፎቶ ብሎ አይኬድም።

የመጨረሻው ጥያቄ። አንዲት ተማሪ አድማጫችን «ካሜራ ልግዛ ወይስ በስልኬ ልቀጥል?» ብላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ በስልክሽ ሳቢሳዋን አንሺ። ዓይኗ ጠርቶ፣ ላባዋ ሳይቃጠል፣ ከፊቷ ቦታ ተትቶላት ማንሳት ከቻልሽ ያኔ ካሜራ ያስፈልግሻል። ስትገዢም ገንዘብሽን ከአካሉ ይልቅ ሌንሱ ላይ አውይው። ያገለገለ አካል ላይ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ከአዲስ አካልና ከአጭር ሌንስ ይበልጣል። ያገለገለ ሌንስ ስትገዢ በብርሃን አንጻር አይተሽ ውስጡ ሻጋታ አለመኖሩን አረጋግጪ፤ በክረምቱ እርጥበት ብዙ ሌንስ ይሻግታል። ከዚያ ሱቁ ደጃፍ ላይ ወጥተሽ ጣሪያ ላይ ያለች እርግብ አንሺ፤ ስክሪኑ ላይ ዓይኗን አጉልተሽ እዪ። ከጠራ ክፈዪ፣ ካልጠራ መልሺለት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ። ከሥር ይገባል።)

ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች ከቦታውና ከቀኑ ጋር ላኩልን፤ የወፉን ስም ባታውቁት ግድ የለም፣ አብረን እንፈልገዋለን። በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርዕስ እንገናኛለን።

(ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ያልቃል።)